የጋሼ ሟርት

ሰው ልቡን ሲታመም የሚያስጨንቀው ሞት ነው ይባላል። እኔን ያስጨነቀኝ ወንድሜ ትክክል ሆኖ መገኘቱ ነበር። ሞት እንኳን የሁሉም ነው፤ ለማንም አይቀርም። አንድ ሰው ብቻውን ትክክል ሲሆንብህ ግን ለማን አቤት ትላለህ?

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። መርዕድ ወንድሜ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ የእናቴ ልጅ ነው። አባታችን አንድ አይደለም። እናታችን የሱን አባት በሞት ካጣች ከዓመታት በኋላ ነው የኔን አባት ያገባችው፤ ስለዚህ ጋሼ በዕድሜ በጣም ይበልጠኛል። በትምህርት ደግሞ ባታወዳድሩን ይሻላል። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት ወጥቶ፣ መሐንዲስ ሆኖ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሳንሆዜ ውስጥ ዕድሜ ልኩን ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አንዲት ቃል ከአፉ የምትወጣው ተለክታ ነው። እኔ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የማመላልስ የትራክ ሾፌር ነኝ። የተናገርኩትን የምለካው ከተናገርኩ በኋላ ነው።

የተጣላነው ኦክላንድ አጠገብ፣ ኤል ሴሪቶ ከተማ ነው። አንድ ወዳጃችን ልጁ ተመርቃለት ደግሶ ጠራን። ቤቱ ኮረብታ ላይ የተሰቀለ ነው፤ ከመንገዱ እስከ በሩ ያለውን ደረጃ የሚወጣ ሰው ኃጢአቱን በሙሉ ለማስታወስ ጊዜ ያገኛል። እኔ ደረጃውን ጨርሼ፣ ትንፋሼን ሳልሰበስብ፣ በቀጥታ ወደ ቁርጡ ሄድኩ። ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጧል። «ሲያትል ወዳጆቼ ጋ ነበርኩ» ብሎ ብዙ ሳምንት ጠፍቶ መመለሱ ነበር። ከስቷል። በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሳህኑ ላይ ሰላጣ ብቻ ይዟል። የተማረ ሰው እንደዚያ ያደርገዋል ብዬ አለፍኩት። እሱ ግን እኔን አላለፈኝም። ትክ ብሎ ሲያየኝ ቆየና ድምፁን ሳይቀንስ፣

«አንተ፣ ልብህን ታየው። አባትህም እንዲህ እያለከለከ ነው የሞተው» አለኝ።

ፍረዱኝ እንግዲህ። ሰው ድግስ ላይ ነኝ፤ ቢላዋው በእጄ፣ ሥጋው በአፌ ነው። አንዲት ሴትዮ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ በቁሜ ለቅሶዬን የደረሱ ያህል ተሰማኝ። በኛ ደንብ ሰው በሕይወቱ እያለ አሟሟቱ አይነገረውም። ሟርት ነው። ሟርት ደግሞ ይይዛል፤ ደህናውን ያሳምማል፣ የታመመውን ያጣድፋል። ሳህኔን አስቀምጬ ወጣሁ። ከዚያ ሥጋ ላይ መነሳቴ የቁጣዬን ልክ ያሳያችኋል። ደረጃውን ስወርድ ግን ቅንጣት ታህል አላለከለክሁም፤ ይህንንም ለጋሼ እንዲያደርሱልኝ ሰው ልኬበታለሁ።

ከዚያ በኋላ መነጋገር ቀረ። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ተከተለ። ሽማግሌዎች ገቡ። እኔ የጠየቅሁት አንዲት ቀላል ነገር ነው፤ ሟርቱን ያንሳ። ጋሼም በሽማግሌዎቹ በኩል መለሰ፤ «ዶክተር ይየው፤ ቃሌን ያን ቀን አነሳለሁ» አለ። እንግዲህ አስቡት። ዶክተር ጋ ከሄድኩ ሟርቱን አመንኩለት ማለት ነው። ካልሄድኩ ሟርቱ እንደተጫነብኝ ይኖራል። ሽማግሌዎቹ ሁለታችንንም አዳምጠው፣ የቀረበላቸውን በልተው፣ መርቀው ወደየቤታቸው ሄዱ።

አሁን ወደ በሽታው ልምጣ። አንድ ቀን ጠዋት ወደቡ በር ላይ፣ የትራክ ሰልፍ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ግራ ክንዴ ዛለ፤ ላብ አጠመቀኝ። እንደ ማንኛውም ሐበሻ ወዲያው ምን እንደሆነ አወቅሁ፤ ጨጓራ ነው። እኛ ዘንድ ከአንገት በታች ከጉልበት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ ጨጓራ ነው፤ ከጉልበት በታች ያለው ብርድ ነው። ለማንኛውም ብዬ ሰልፉ ውስጥ ከኋላዬ ላለው ለሰይድ ደወልኩ። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው። የሥራ ባልደረባዬ፣ የልብ ጓደኛዬ፣ ሕክምና ሳይማር የሚያክመኝ ሰው እሱ ነው።

«ሰይድ፣ ደረቴን ጨመቀኝ።»

«ጋዝ ነዋ። ትናንት ምን በላህ?»

«ያልበላሁትን ብትጠይቀኝ ይቀላል።»

«በቃ፣ ተልባ ነው መድኃኒቱ። ግን ድምፅህ ደስ አላለኝም። ሰልፉን እንተወውና ኢመርጀንሲ ልውሰድህ?»

«ሰልፉን ትተን?»

ሰልፉ አንድ ትራክ ያህል ሲንቀሳቀስ ሁለታችንም ተጠጋን። ያንን ሰልፍ የማያውቅ ሰው ይፈርድብኝ ይሆናል። የሚያውቀው ሰው ግን ከሰልፉ ከመውጣት ልብ ቢቆም እንደሚሻል ይገባዋል። ኮንቴይነሩን ጭኜ፣ ሬድውድ ሲቲ አራግፌ፣ እቤቴ ገብቼ ተልባ ጠጣሁ። በሚቀጥሉት ቀናትም ጠጣሁ። ስለ ተልባው የምለው ክፉ ነገር የለኝም፤ ጥሩ ተልባ ነበር።

ያስቆመችኝ ባለቤቴ አስናቀች ናት። አንድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አንዱን ካልሲ ካጠለቅሁ በኋላ ሁለተኛውን በእጄ ይዤ ዕረፍት ስወስድ አየችኝ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ካልሲ እያደረግሁ።»

«ካልሲ አድርጎ የሚደክመው ሰው ጨጓራ የለበትም» አለችና የመኪናውን ቁልፍ አነሳች።

ሆስፒታል እንደደረስን ነገሩ ከእጄ ወጣ። ልብሴን ገፈፉኝ፣ ሽቦ ለጠፉብኝ፣ ቀጭን ቱቦ በእጄ በኩል እስከ ልቤ ሰደው አዩኝ። ከዚያ ዶክተሩ መጥቶ ወረቀት ላይ ልብ ሳለልኝ። ልብን የሚመግቡት ትልልቆቹ ቧንቧዎች ሦስቱም ተዘግተዋል አለ። ደረቴን ከፍተው፣ ከእግሬ የደም ሥር አውጥተው፣ በተዘጋው ጎን ሌላ መንገድ ይቀጥሉልኛል። ፊቴን አይቶ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ሥራዬን ጠየቀኝና በሚገባኝ ቋንቋ ያስረዳኝ ጀመር።

«ስምንት ሰማንያ አውራ ጎዳና ተዘግቷል እንበል። ምን ታደርጋለህ? በአምስት ሰማንያ ትዞራለህ። ባይፓስ ማለት ይኸው ነው።»

«ዶክተር፣ አምስት ሰማንያ ላይ እኮ ትራክ አይፈቀድም። የቅጣት ቲኬት ይሰጡኛል።»

ትንሽ አሰበና፣ «ደም ይፈቀዳል» አለኝ። ጥሩ ሰው ነበር።

ቀዶ ጥገናው ለማግስቱ ተቀጠረ። ዶክተሩ እንደወጣ አስናቀች ስልኳን አወጣች። ያኔ የሚታጠፍ ስልክ ነበር፤ ሲከፈት ጧ የሚለው ድምፅ ልቤን አስደነገጠው፣ ማሽኑም መሰከረ።

«ማን ጋ ነው?»

«ጋሼ ጋ ነዋ።»

«ለጋሼ እንዳትነግሪ።»

«ወንድምህ አይደሉም እንዴ?»

«ሟርቴ ያዘ ብሎ ደስ ይለዋል።»

«በአንተ መታመም ደስ ይላቸዋል?»

«ደስ ባይለውም ትክክል ይሆናል» አልኳት። አስናቀች የምታገቡትን ሰው በደንብ ሳታዩ አታግቡ የሚል ፊት አሳየችኝና ስልኩን አጠፈችው። ለሰይድም ደውዬ ያንኑ አስጠነቀቅሁ፤ ለማንም ንገር፣ ለጋሼ ግን እንዳትናገር አልኩት። ይህን ስል፣ እውነቱን ላውጣውና፣ ተስፋዬ ሌላ ነበር። ኦክላንድ ውስጥ ላለ ሐበሻ አትናገር ማለት በሬዲዮ ከማስነገር ይፈጥናል። ሳልጠራው እንዲሰማ፣ ሰምቶም እንዲመጣ፣ መጥቶም ማን ነገረህ ብዬ እንድቆጣው ነበር ዕቅዴ።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሞላ። የማውቀውም የማላውቀውም መጣ። ጨውና ቅቤ ሐኪም ከልክሎኛል ስል ያመጡትን ራሳቸው እየበሉ አጽናኑኝ። አንዱ ስለ አጎቱ ባይፓስ አወራኝ፤ አጎቱ በመጨረሻ ምን እንደሆኑ ስጠይቀው ወሬ ለወጠ። ሁሉም ሰምቷል። እኔ ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቴን አቀና ነበር፤ ጋሼ አይደለም። ሳክራሜንቶ ያለ ሰው እንኳ ሰምቶ ሲደውል የሳንሆዜው ወንድሜ የለም። ወደ ማታ ሰይድን በዘዴ ጠየቅሁት።

«ለመሆኑ... ጋሼ አልሰማም አይደል?»

«በአላህ፣ ሪላክስ አድርግ። አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ሁሉንም አስምዬልሃለሁ።»

በሕይወታቸው አንዲት ምስጢር ጠብቀው የማያውቁ ሰዎች ይቺን አንዷን ጠበቁልኝ። ያን ጊዜ ፈራሁ። መሞቱን አይደለም፤ ወይም መሞቱን ብቻ አይደለም። ጋሼን ተቀይሜው እንደወጣሁ፣ ያንን ሥጋ እንደተውኩት፣ ነገሩ እዚያው ላይ እንዳይቀር ፈራሁ። «ደውሉለት» ማለት ግን ከአፌ አልወጣም። ኩራት እንደዚህ ነው፤ ደረትህን ሊከፍቱት እየተዘጋጁ እንኳ ደረትህን ያስነፋሃል።

ጠዋት ይዘውኝ ገቡ። ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ አላየሁም፤ ሰይድ ነው የነገረኝ። ሰይድ ከነገረኝ ላይ ግማሹን ቀንሼ ነው የማወራችሁ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚያስተኙበት ክፍል ቤተሰብ ብቻ ነው የሚገባበት፣ እሱም ሁለት ሁለት እየሆነ። ይህን ደንብ ሰይድ ሰማና «ወንድሙ ነኝ» ብሎ ገባ። ውሸት እንዳይመስላችሁ፤ እሱ እንደገባው እውነት ነው የተናገረው። ሲወጣ ለሚቀጥለው «ወንድሙ ነኝ በል» አለው። ያኛውም ወንድሜ ሆነ። ከዚያ ወደቡ ላይ ሥራውን የጨረሰው ሁሉ እየመጣ ወንድሜ ሆነ። ግሬስ የምትባል ፊሊፒናዊት ነርስ ነበረች፤ መታወቂያቸውን እያየች ስማቸውን ትመዘግባለች። ትንሽ ቆይታ አስናቀችን ወደ ጥግ ወሰደቻት።

«ይቅርታ፣ የባልሽ ወንድሞች የሁሉም የቤተሰብ ስም የተለያየ ነው።»

አስናቀች ጠያቂ እንዳይመለስ ብላ ልታስረዳ ሞከረች። «እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም። ሁሉም የሚጠራው በገዛ አባቱ ስም ነው» አለቻት።

ግሬስ መዝገቧን ተመለከተች። ኡመር አለ፣ ገብረ ማርያም አለ፣ ቶሎሳ አለ፣ ሐጎስ አለ። አንዱ ወንድሜ የኔ እኩያ ነው፤ ሌላው በወራት ብቻ ይበልጠኛል። እናቴ ነፍሷን ይማረው፣ ሁለት ጊዜ በሥርዓት አግብታ፣ በጨዋነቷ ተመስክሮላት የተቀበረች ሴት ናት። ያን ቀን በማታውቀው አገር፣ ባልረገጠችው ሆስፒታል ስሟ ጠፋ። ግሬስ ግን አልፈረደችም። «እናትየው ጠንካራ ሴት ነበሩ» ብቻ አለችና ከዚህ በኋላ አንድም ወንድም እንደማታስገባ ለሰው ሁሉ ተናገረች።

ጋሼ የመጣው ይሄኔ ነው። አስናቀች እኔን ይዘውኝ ሲገቡ በሩ እንደተዘጋ ደውላለት ኖሯል። «በዋዜማው እንዳትናገሪ ብትለኝም በማግስቱ ማታ የት እንደምትሆን አላውቅም ነበር» አለችኝ በኋላ። ጋሼ ከሳንሆዜ እስከ ኦክላንድ በመንገዱ የቀኝ ጠርዝ፣ በሕጉ ፍጥነት ነድቶ መጣ። እሱ ቤቱ ቢቃጠልም በሕጉ ፍጥነት ነው የሚሄደው።

«የበሽተኛው ወንድም ነኝ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው ያሉት፣ ጌታዬ» አለች ግሬስ። መታወቂያውን አየች። የአባቱ ስም ከኔ ጋር አይገጥምም። «አዝናለሁ።»

ጋሼ ደንብ አክባሪ ነው፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እዚያ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የሐሰት ወንድሞቼ ሁሉ የሐሰትነታቸውን ያህል ተደላድለው ተቀምጠዋል፤ እውነተኛው ጥግ ላይ ነው። ሰይድ ሲያየው ክው አለ።

«ጋሽ መርዕድ፣ ቆይ እኔ አስገባዎታለሁ» አለና ወደ ግሬስ ሄደ። «ሲስተር፣ እኚህ ሪል ወንድሙ ናቸው። በእናት።»

«አንተስ?»

«እኔ እንኳ... እኔ ወንድሙ አይደለሁም።»

ግሬስ ሰይድን አስወጣችው። በሱ ምስክርነት የቀሩትም ወንድሞቼ ተፈተሹና ከነምግባቸው ወደ መኪና ማቆሚያው ተሸኙ። ሰይድ እስካሁን አንድ እውነት ብናገር ምን እንደደረሰብኝ እዩ እያለ ይተርካል።

ጋሼ ብቻውን ቀረ። ያን ጊዜ ነው አስናቀች የወደቡን ሰልፍና ተልባውን የነገረችው። ሰውየው ኮፍያውን መሬት ጣለው። ድምፁን አልቀነሰም፤ አማርኛው ሲያልቅበት በእንግሊዝኛ ቀጠለ። ይሄ በሬ ነው አለ። ጭንቅላት የለውም፣ ዶክተር ይይህ ብዬ ሽማግሌ ልኬበታለሁ፣ ለኮንቴይነር ብሎ ሊሞት ነው፣ ከዳነ እኔው እገድለዋለሁ አለ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረና ፊቱን በመሐረቡ ሸፈነ።

ግሬስ ከጠረጴዛዋ ተነሳች።

«ይግቡ» አለችው።

«ምን?»

«ሌሎቹ ሁሉ እንዴት ያለ ጥሩ ሰው መሰለሽ ሲሉኝ ነው የዋሉት። የሰደቡት እርስዎ ብቻ ነዎት። እኔም ወንድሞች አሉኝ።»

እኔ ዓይኔን የገለጥሁት በዚህ ሰዓት ነው። ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ አለ፤ መናገር አልችልም። ከበላዬ የጋሼ ፊት አለ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሞቻለሁ፣ በወዲያኛው ዓለምም የሚያስተናግደኝ እሱ ነው የሚል ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ። ዝም አልኩ። «ሳታቋርጠኝ ስትሰማኝ ይሄ የመጀመሪያህ ነው።» እንደገና ዝም አልኩ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ትልቅ ድልድይ እንደሚያስረክብ መሐንዲስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ዶክተር አይቶሃል። ቃሌን አንስቻለሁ።»

ይህን ብሎ የሸሚዙን ቁልፎች ከላይ ጀምሮ ይፈታ ገባ። ሰመመኑ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ገለጥኩ። ከአንገቱ ሥር እስከ ሆዱ ቀጥ ብሎ የወረደ ጠባሳ አለ።

«ሲያትል አልነበርኩም» አለኝ።

ሰው የሚለው ነገር ሞልቶ ተርፎት ቱቦ ሲጎርስ ምን ያህል እንደሚጨንቅ አልነግራችሁም። ማሽኑ ይጮህ ጀመር፤ ግሬስ ሮጣ መጣች። ቱቦውን ሲያወጡልኝ ግሬስ ውሃ ወይም የሚስቴን ስም እንደምጠራ ጠብቃ ኖሯል። እኔ ግን ጋሼን አስጠርቼ፣ በሻከረ ድምፅ፣

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ላንተ ብነግርህ ለሰይድ ትነግራለህ። ለሰይድ ከነገርክ ይኸው።» በሩን አሳየኝ።

«አባቴን ለምን አነሳህ ታዲያ?»

«ራሴን ላለማንሳት ነዋ። ያን ደረጃ ስትወጣ የትንፋሽህን ድምፅ ሰማሁት። የኔው ድምፅ ነው። ካባትህ የመጣ አይደለም፤ ከእናታችን ነው። ሌላ ርስት ስላልነበራት ይቺን ለሁለታችን እኩል አካፍላ ሄደች።» መስኮቱን እያየ ቀጠለ። «ከሆስፒታል ስወጣ ማን ይወስድዎታል አሉኝ። ወንድሜ ይመጣል አልኳቸው። ከዚያ ታክሲ ጠራሁ።»

ስስል ደረቴ እንዳይከፈት ብለው የሰጡኝን ትራስ አቅፌ አለቀስኩ። ማልቀስም እንደ ሳል ያማል፤ ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም።

ስወጣ ግሬስ ማን ይወስድሃል አለችኝ። ሰይድ ትራኩን ካላመጣሁ ብሎ ከታች ይጨቃጨቃል፤ ወንድሞቼ ሁሉ መኪናቸውን አስነስተው ይጠብቃሉ። የእናቴ ልጅ ይወስደኛል አልኳት። ጋሼ ከኋላ ወንበር አስቀመጠኝ፣ ትራሱን ከቀበቶው ሥር አደረገልኝና በስምንት ሰማንያ በሕጉ ፍጥነት ነዳ። ትራኮች ሁሉ እየጮሁብን አለፉ፤ ግማሾቹን አውቃቸዋለሁ።

ቤቴ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጋሼ ሻንጣዬን ይዞ ከፊት፣ እኔ የደረጃውን ብረት ይዤ ከኋላ ሆንን። መሀል ላይ ስንደርስ ቆመ። ሻንጣውን አስቀመጠ። ጀርባውን ወደኔ አድርጎ ግድግዳው ላይ ያለውን የእሳት ማጥፊያ እንደሚመረምር ሆነ፤ ትከሻው ግን ከፍ ዝቅ ይላል። ትንፋሹን ሰማሁት።

«ጋሼ፣ ልብህን ታየው» አልኩት።

«አታሟርት» አለና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።